«ፋሩሽ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ በምተረጉመው ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ልጅ «ፋሩሽ» (farouche) በሚል ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ተገልጻለች። የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት «አውሬ፣ ጨካኝ» ይለኛል፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ «ዓይነ አፋር»። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና «ሰው የማትለምድ» ይበሉ። ምክንያቱ ከቃሉ ሥር ይገኛል።

ድምፁ ስለሚቀራረብ ብዙዎች ቃሉን «ፌሮክስ» ከሚለው የላቲን ቃል፣ ከ«ጨካኝ» ጋር ያዛምዱታል። ትክክለኛው ምንጭ ግን «ፎራስ» ነው፤ ወደ ደጅ፣ ወደ ውጭ ማለት ነው። ከእሱ «ፎራስቲኩስ» (የውጭ፣ የደጅ) ወጣ፤ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ፎራሽ» ሆነ፤ ኋላም አናባቢው ተለውጦ «ፋሩሽ» ተባለ። «ፎራስ» ራሱ «በር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም «ደጅ» በርም ነው፣ ውጭም ነው። ስለዚህ የቃሉ ሥዕል በደጅ ያደገ፣ ቤት ያልለመደ፣ ሲቀርቡት የሚሸሽ እንስሳ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም ሰው ሲጠጋው የሚበረግግን እንስሳ «ፋሩሽ» ይሉታል፤ ማስበርገግ «ኤፋሩሼ» ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን በ18ኛው መቶ ዓመት ሲወስድ በተለይ የሰውን ጠባይ ያዘ፤ ኩርፊያ ቀረሽ ዝምታ፣ ከሰው መሸሽ፣ የአቀራረብ ወግ አለማወቅ። «ዓይነ አፋር» የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። ዓይነ አፋር አንገቷን ትደፋለች እንጂ አታኮርፍም። «ጭምት» ምስጋና ነው፣ አይሆንም። «ባይተዋር» የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን ሰው መሀል ሆኖ ብቸኝነት የተሰማውን ሰው ሁኔታ ይናገራል። «ደንባራ» ወደ እንስሳው ሥዕል ከሁሉም ይቀርባል፤ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የምንለውን ያስቡ። ግን ለሰው ሲሆን ስድብነቱ ስለሚያይል በተራኪው አፍ አያግቡት፤ የተቆጣች አክስት ብትለው ያምርበታል።

የሚተረጉሙት ልብ ወለድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ግን መጀመሪያ ቃሉ የሚገልጸውን ስም ማየት ያስፈልግ ነበር። «ፋሩሽ ጠላት» ቢል «ብርቱ ጠላት» ነው፤ ስለ ተቃውሞ ቢል «እልኸኛ»፤ እንስሳ ከሆነ «ለማዳ ያልሆነ»። ይበልጥ የሚያሳስተው አሉታው ነው። ስለ ሴት «ፋሩሽ አይደለችም» ሲባል ወንድ አትገፋም የሚል ሐሜት ሊሆን ይችላል። «ዓይነ አፋር አይደለችም» ብሎ የተረጎመ ሰው ነቀፋውን ወደ ሙገሳ ለወጠው ማለት ነው።