‹ግሉሚ› ሐዘን ነው ወይስ ጨለማ?

ጥያቄ፦ ‹ግሉሚ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዱ መዝገበ ቃላት «ጨለማ»፣ ሌላው «ያዘነ» ይለዋል። አባቱ ለሞተበት ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ የማጽናኛ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ «ግሉሚ እንደሆንክ አውቃለሁ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፤ እባክዎ ከደብዳቤው ያውጡት። ‹ግሉሚ› ለሞት ሐዘን እጅግ ያንሳል። ጓደኛዎ ሲያነበው «ምነው ፊትህ ጠቆረ» የተባለ ይመስለዋል። ለመርዶ የሚስማማው ‹ግሪፍ› ነው፤ በደብዳቤ ግን «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» (በደረሰብህ ሐዘን በጣም አዝኛለሁ) የሚለው የተለመደና የማያስቀይም ነው።

ለቃሉ በጣም የሚቀርበው አማርኛ «ጨፍጋጋ» ይመስለናል። ሰማዩም ጨፍጋጋ ይባላል፣ የሰው ፊትም ጨፍጋጋ ይባላል፤ ‹ግሉሚ›ም እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል። ‹ግሉሚ› የመጣበት ‹ግሉም› በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ፊትን ማጥቆር፣ መኮሳተር የሚል ግስ ነበር። ስለዚህ መዝገበ ቃላቶቹ አልተጋጩም፤ እያንዳንዱ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት።

ብርሃን ማነሱ ብቻውን ግን ነገሩን ‹ግሉሚ› አያደርገውም። ጥቁር ፀጉር ‹ዳርክ› ነው፤ ኮከብ የሞላበት ሌሊትም ‹ዳርክ› ነው። በቀትር እንኳ ፀሐይ የማይገባበት፣ ግድግዳው የደበዘዘ፣ ሲገቡበት የሚደብር ክፍል ግን ‹ግሉሚ› ነው፣ መጽሐፍ የሚያስነብብ ብርሃን ቢኖረውም። ሲጠራጠሩ «ይህ ነገር መንፈስ ይጫናል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የማይጫን ከሆነ ‹ዳርክ› ይበሉ፤ መብራቱ ደከም ያለ እንደሆነ ደግሞ ‹ዲም›።

«ጨፍጋጋ» የማያገለግልበት ቦታም አለ። ዜና ላይ «ግሉሚ ፎርካስት» ሲባል ስለ ሰማይ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ኢኮኖሚ ከሆነ «ተስፋ የማይሰጥ ትንበያ» ብለው ይተርጉሙት። ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ተስፋ ሲያጣ ቃሉን ‹አባውት› ይከተለዋል፦ «ሺ ኢዝ ግሉሚ አባውት ዘ ፊውቸር»፣ የወደፊቱ ነገር ጨልሞባታል ማለት ነው። የሕክምና ቃል አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ለሳምንታት የማይለቅ፣ እንቅልፍና ምግብ የሚያሳጣ ድባቴ ‹ዲፕሬሽን› ሊሆን ይችላል፤ ያንን ‹ግሉሚ› ማለት ሕመሙን ማቃለል ነው።

ጥያቄ፦ ‹ግለም› እና ‹ሶምበር›ስ ከዚሁ ጋር አንድ ናቸው?

መልስ፦ ‹ግለም› የ‹ግሉም› የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግን ለሰውና ለፊቱ ነው የሚነገረው። ቅር ብሎት ዝም ያለ ልጅ ‹ግለም› ይባላል፤ ክፍልንና አየርን እንዲህ አይሏቸውም። ‹ሶምበር› ክብር አለው። የቀብር ሥነ ሥርዓትን ‹ሶምበር› ቢሉት ጸጥታውንና ክብደቱን ገለጹ፤ ‹ግሉሚ› ቢሉት ግን የነቀፉት ይመስላል። ደብዛዛና ጥቁር ለሆነ ልብስም ‹ሶምበር› ይባላል። አጻጻፉ በብሪታንያና በአሜሪካ ስለሚለያይ (መጨረሻው ላይ ‹አር› እና ‹ኢ› ቦታ ይለዋወጣሉ) አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ አጠራሩና አጻጻፉ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ‹ግ› እና ‹ል› መካከል አናባቢ አይግባ፤ ሁለቱ ተጣብቀው በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ፣ ‹ኡ›ዋ ደግሞ ረዘም ትላለች። ሲጻፍ ሁለት ‹ኦ› አለው፤ አንዱን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሲያበላልጡ የመጨረሻው ‹ዋይ› ወደ ‹አይ› ይለወጣል፦ ‹ግሉሚየር›፣ ‹ግሉሚየስት›። ስሙ ‹ግሉም› አይቆጠርም፤ ስለዚህ የብዙ ቁጥር ‹ኤስ› አይጨምሩበት።