ካና ቅጠሉ በዝቶ አበባው ሲጠፋ

የአትክልት ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለ ካና (ሴት አኩሪ የሚሉትም አሉ) የሚጠይቁን አንባቢዎች ይበዛሉ። ጊዜውም ነው፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ የተተከለ ሥር ከዝናቡ ጋር አብሮ ይነሣል። በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በአጥራችን ጥግ የተከልነው ካና 4 ዓመት ሆኖታል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ቅጠሉም ያምራል። አበባው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ዘንድሮ 2 ዘለላ ብቻ ሰጠን። በየወሩ ዩሪያ እናደርግለታለን። ምን ጎደለው? (አንባቢ፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ የጎደለው ነገር የለም፤ ችግሩ የበዛበት ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠልና ግንድ እንጂ አበባ አይገፋም። ከዛሬ ጀምረው ያቁሙት። በዓመት ሁለት ጊዜ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ዙሪያውን ቢያለብሱት ይበቃዋል።

ሁለተኛው መጨናነቅ ነው። የካና ሥር እንደ ዝንጅብል ጎን ለጎን እየተቆላለፈ ይሄዳል። በ4 ዓመት ውስጥ መካከሉ አርጅቶ ቡቃያ የማያወጣ እንጨታም ጉብታ ይሆናል፤ ዳር ያሉት ደግሞ በአንድ እፍኝ አፈር ይሻማሉ። ስለዚህ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ተነቅሎ መከፈል አለበት።

አሁን ግንዶቹን ከመሬት 15 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገው ይቁረጡ። ከጉብታው ዳር 30 ሳ.ሜ. ርቀው ዙሪያውን በአካፋ ይቆፍሩና ከሥር ፈንቅለው ያንሡት። ዶማ አይጠቀሙ፤ ሥሩን ይተለትለዋል። አፈሩን ሲያራግፉት ጤነኛው ክፍል ራሱን ያሳያል፦ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ጠጣር ነው፣ ጫፉ ላይም ሹል፣ ሮዝ የመሰለ ዓይን አለው። ቡናማ፣ ለስላሳና የሚሸት ከሆነ ይጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ወይም 3 ዓይን ይኑረው። የተቆረጠበትን ፊት አመድ ነስንሰው ጥላ ሥር አንድ ቀን ያሳድሩት። ከዚያ አግድም አስተኝተው፣ ዓይኑን ወደ ላይ አዙረው፣ ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ጥልቀት ይትከሉት። በተክሎቹ መካከል 50 ሳ.ሜ. ይተዉ። አንድ ጊዜ በደንብ ካጠጡት በኋላ ቡቃያው ብቅ እስኪል አፈሩ ካልደረቀ በቀር አይደጋግሙ፤ ሥር ያላወጣ ቁራጭ በውኃ ብዛት ይበሰብሳል። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ አበባ ይጠብቁ። አጥሩ ጥላ የሚጥልበት ከሆነ ግን ቦታውን ይቀይሩ፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

አቆራረጡንም ልብ ይበሉ። አንድ ግንድ አብቦ ከጨረሰ ዳግም አያብብም። ነገር ግን ከጠወለገው ዘለላ ዝቅ ብሎ፣ በቅጠል ሽፋን ውስጥ የተደበቀ ሁለተኛ እንቡጥ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ጣትዎን በግንዱ ላይ ወደ ታች ቢያሳልፉ እብጠቱ ይሰማዎታል። ከእሱ በላይ ይቁረጡ። እሱም ካበበ በኋላ ግንዱን ከመሬት ይቁረጡት፤ ሥሩ ጉልበቱን ለአዲሱ ግንድ ያውላል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነኝ። በረንዳዬ ላይ በትንሽ የአበባ ማሰሮ የተከልኩት ካና የቅጠሉ ዳር ይደርቃል። (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዕቃው ጠቦታል፤ ሰፊ ቅጠሉ የሚያተነውን ውኃ ትንሽ አፈር አይዝለትም። አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ1 ሥር ይበቃል። ታቹን በጋለ ምስማር 6 ቦታ ይብሱት። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት፤ ከላይ 4 ሳ.ሜ. ለውኃ ይተዉ። ከየካቲት እስከ ግንቦት በየቀኑ ጠዋት፣ ከታች እስኪንጠባጠብ ያጠጡ። በማሰሮ ውስጥ ማዳበሪያ ቶሎ ስለሚታጠብ በወር 1 የሻይ ማንኪያ ኤን ፒ ኤስ ከግንዱ ራቅ አድርገው ይነስንሱ። ችግኝ ሲገዙ አጫጭሩን ዓይነት ይምረጡ፤ ረጃጅሙን የበረንዳ ነፋስ ይሰብረዋል።

ጥያቄ፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት ይወጣል። ወደ ስንዴያችን ይተላለፍ ይሆን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ)

መልስ፦ አይተላለፍም። የካና ዋግ ነው፤ የስንዴው ዋግ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይስፋፋል። የታመሙትን ቅጠሎች ዝናብ በሌለበት ሰዓት ቆርጠው ያቃጥሉ፣ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩ። ነፋስ እንዲያልፍ ግንዶቹን ያሳሱ፤ ሲያጠጡም ከሥሩ እንጂ ከላይ አያፍስሱ። ቅጠሉ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ቢጫ ሰንበሮች ካዩ ግን ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅለው ያጥፉት፤ ቢላዋውን 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለ ያጽዱት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ቆረጣ ወደ ጤነኛው ይሻገራል።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ከጣና ዳር ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል። ካና ይበቅል ይሆን? እምቦጭንስ ለብስባሽ ብንጠቀም? (አንባቢ፣ ከሐይቁ ዳር)

መልስ፦ ይበቅላል። በእድገት ላይ ያለ ካና እርጥብ መሬት ይችላል፤ የሚጎዳው አየር የሌለው ጥቁር መረሬ ውስጥ ለሳምንታት ሲዘፈቅ ነው። 25 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ መደብ ሠርተው እዚያ ላይ ይትከሉ። ቅጠሉ ጠባብና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አበባው ቢጫ የሆነውን ዓይነት ካገኙ ደግሞ ውኃ ውስጥ ቆሞም ይኖራል።

እምቦጭን በተመለከተ እንጠንቀቅ። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ በደንብ ያልጋለ ክምርም አይገድለውም። ግቢዎ ከሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ጎርፍ መልሶ ወደ ጣና ይወስደዋል። ለመደብዎ የከብት ፍግና የደረቀ ሣር ይጠቀሙ።