ከመፈረማችሁ በፊት፦ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ የድሬና የሐረር ልጆች

ልጆች፣

ምደባ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀው «የት ደረሰህ?»፣ «የት ደረሰሽ?» ነው። «ስንት ያስወጣል?» የሚል ብዙም አይሰማም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስተምራል የሚለው እምነት ገና አልለቀቀንም። ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለው አሠራር ወጪ መጋራት ነው፤ እናንተ «ኮስት ሼሪንግ» የምትሉት። መንግሥት አስቀድሞ ያወጣል፣ ተማሪው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይመልሳል። ከባለሱቅ ዱቤ የሚለየው፣ እዚህ ደብተሩን የሚሞላው ተበዳሪው ራሱ መሆኑ ነው፤ ያውም በምዝገባ ግርግር፣ ወረቀቱን በጓደኛው ጀርባ ላይ አስደግፎ።

የምትፈርሙት የወጪ መጋራት ውል ላይ ሦስት ዓይነት ወጪ ታገኛላችሁ። አንደኛው የትምህርት ነው፤ ከዚህ የተማሪው ድርሻ 15 በመቶ ነው። የቀሩት ምግብና መኝታ ናቸው፤ እነዚህን የተጠቀመ ተማሪ ሙሉ ወጪያቸውን ይሸከማል። ዕዳውን የሚያከብደውም የሚያቀለውም እንግዲህ እዚያ ላይ የምታደርጉት ምልክት ነው፦ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ሁለቱንም፣ ወይም ምግቡን በጥሬ ገንዘብ።

ምግቡን በቁጥር እንየው። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። የትምህርት ዓመቱን 10 ወር፣ ማለትም 300 ቀን ብላችሁ አስሉት። በ22 ብር ሂሳብ 6,600 ብር ይመጣል፤ በ100 ብር ሂሳብ 30,000። አራት ዓመት ሲሆን 120,000 ብር፣ ያውም ምግብ ብቻ። ታላላቆቻችሁ «ኮስት ምን አላት፣ ትንሽ ናት» ቢሏችሁ አልዋሹም፤ የሚያወሩት ግን ስለ 15 ብሩ ዘመን ነው። የእናንተ ውል ላይ የሰፈረውን አሃዝ በዓይናችሁ እዩ። ቦታው ባዶ ሆኖ ከቀረበላችሁ «እዚህ ስንት ነው የሚሞላው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ተሞልቶ ሳታዩ አትፈርሙ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች «አቦ ተወው» ማለት ይቀናናል፤ እዚህ ላይ አትተዉት።

ድሬ ተወልዶ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው፣ ወይም ሐረር አድጋ ሐረር ከተማ ወዳለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የገባችው፣ ከቤት መመላለስ ይችላሉ። ብዙዎቹ ግን «ለማንኛውም» ብለው ሁሉንም ይመርጣሉ። ከዚያ እናታቸው ቤት እየበሉ፣ ቤታቸው እያደሩ፣ ግቢ ውስጥ ማንም ያልተኛበት አልጋ ይቆጠርባቸዋል። ለፈተና ሰሞን አልጋ ያስፈልገኛል የምትሉ፣ ያቺ ጥቂት ሳምንት የዓመት ኪራይ ታወጣ እንደሆነ የባጃጁን ሂሳብ ከጎኑ አድርጋችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ውሉ የሚታሰበው በዓመት ስለሆነ በመሀል ልቀይር ማለት አስቸጋሪ ነው። ከድሬ ወደ ሐረማያ ዋናው ግቢ የተመደባችሁ ግን አትሞክሩት። በደንገጎ ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በየቀኑ መውጣትና መውረድ ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል፤ ዶርሙን ያዙ። ብርድ ልብስም ያዙ፤ ድሬ ያደገ ልጅ የሐረማያን ሌሊት አያውቀውም።

ምግቡን በጥሬ ገንዘብ የሚወስዱት፣ በግቢ ቋንቋ ነን ካፌዎቹ፣ ገንዘቡ በየወሩ በባንክ ሒሳባቸው ሲገባላቸው የኪስ ገንዘብ ይመስላቸዋል። ካፌ የበላውም ብሩን የወሰደውም ዕዳው ያው ነው። ነን ካፌ መሆን የሚያዋጣው ቤቱ ለሚበላ፣ ወይም ተቧድኖ ለሚያበስል ነው። ውጭ ምግብ ቤት ለሚበላ ገንዘቡ ወሩን አያደርሰውም፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው፣ አሁን ከቤተሰብ ኪስ፣ በኋላ ከደመወዙ።

አሁን ወደ ስም ልምጣ። በእኛ አካባቢ ከምንም በላይ ጣጣ የሚያመጣው እሱ ነው። አንድ ተማሪ በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፋይዳው ላይ ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ አጻጻፍ ይዞ ይመጣል። መሐመድ በአንድ ወረቀት ላይ በ«ኦ» በሌላው በ«ዩ» ይጻፋል። ጫልቱ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በተጻፈ መታወቂያዋ ላይ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፣ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በ«ሲ ኤች»። የሶማሊኛ ተናጋሪው ሐሰን ደግሞ ቤተሰቡ በ«ኤክስ» ይጽፈዋል፣ ትምህርት ቤቱ በ«ኤች»። ለሰው ጆሮ ሁሉም አንድ ነው፤ ለመዝገብ ግን ሌላ ሰው ነው። በሌላ አጻጻፍ የተመዘገበ ዕዳ የተከፈለ ቀን ከስማችሁ ላይ አይነሳም፣ ገንዘቡም ወደ ባንክ ሒሳባችሁ አልገባ ይላል። የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን መነሻ አድርጉና ከምዝገባ በፊት ሌላውን ከእሱ ጋር አስተካክሉ። ውሉ የእናትንም ሙሉ ስም ይጠይቃል፤ ሰፈር የሚጠራትን የቁልምጫ ስም ሳይሆን በመታወቂያዋ ላይ ያለውን ጻፉ፣ በየዓመቱም አንድ ዓይነት ይሁን።

«በየዓመቱ» ያልኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፊርማ ለአራቱም አይሠራም። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳይፈርም ያለፈ ተማሪ የሚታወቅበት በምረቃ ሰሞን ነው፤ የክሊራንሱን፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለበት በየቢሮው የሚያስፈርምበትን፣ ወረቀት ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር፣ ከዚያ ወደ ካፌ ሲዞር ይቆይና ወጪ መጋራት ቢሮ በር ላይ ይቆማል። ያለፈውን ዓመት ውል ለመሙላት ሰልፉ ረጅም ነው፣ ባለሙያውም አንድ ነው። የፈረማችሁበትን ውል ቅጂ ያዙ፤ ካልተሰጣችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ቤተሰባችሁ አቅም ካለው አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፣ ቅናሽም አለው። ደረሰኙን ግን ቢሮው ድረስ ወስዳችሁ ቁጥሩን ውሉ ላይ አስሞሉ። ባንክ ከፍሎ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ የተወ ተማሪ እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ዕዳው አይቀርለትም፤ እስከተጠቀመበት ቀን ያለው ይታሰብበታል። ስለዚህ በሕመምም ሆነ በሌላ ምክንያት የምትወጡ ከሆነ ዊዝድሮዋል፣ ማለትም የማቋረጫ ቅጹን፣ ሞልታችሁ ውጡ፤ ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ከጠፋ በኋላም አልጋና ምግብ ሊቆጠርበት ይችላል። በግል ኮሌጅ ለሚማር፣ ወይም በማታ ከፍሎ ለሚማር ይህ ውል የለም። መምህርነት ለሚሠለጥኑ ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የመክፈል መንገድ በደንቡ አለ፤ ስትገቡ ጠይቁ፣ ስትወጡ አይደለም።

ከምረቃ በኋላ እስከ አንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለ። ከዚያ አሠሪው በየወሩ ቢያንስ ከገቢያችሁ 10 በመቶ እየቀነሰ ለገቢዎች፣ ማለትም ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ያስገባል፤ ክፍያው ከ15 ዓመት ማለፍ የለበትም። ሥራ ስትይዙ የዕዳ ደብዳቤያችሁን ለሰው ሀብት ክፍል ራሳችሁ አስገቡ። «ካልጠየቁኝ ምን አስቸኮለኝ» የሚለው ሰው ከዓመታት በኋላ ውጭ አገር ዕድል አግኝቶ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ዩኒቨርሲቲው የሚልከውን የውጤት ማስረጃ) ሲጠይቅ፣ ሙሉው ዕዳ በአንድ ቀን ይጠብቀዋል።

ከዚህ የሚብሰው፣ አሠሪው ከደመወዝ ቀንሶ ለገቢዎች ሳያስገባ ሲቀር ነው። ከድርጅት ወደ ድርጅት ስትዛወሩ ስንት እንደተቀነሰ፣ በየትኛው ደረሰኝ ገቢ እንደሆነና ስንት እንደቀረ የሚገልጽ፣ ቲን (የግብር ከፋይ) ቁጥራችሁና ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሳትቀበሉ አትውጡ። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁንም አትጣሉ። ድርጅቱ ተዘግቶ ደብዳቤ የሚሰጥ ሲጠፋ፣ ገንዘቡ ከእጃችሁ እንደወጣ የሚመሰክሩት እነሱ ብቻ ናቸው።