ከተረፈው አቮካዶ ዘር ከመዝራትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ሥር አበስብስ የሚባለው በሽታ ከጨረሰው ጓሮዬ አንድ አቮካዶ ብቻ ተርፏል፤ ዘሩን ብዘራ በሽታ የሚቋቋም ችግኝ ይወጣልኛል?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ፣ ቱላ ውስጥ ይህንኑ አድርጌ ሦስት ዓመት አቃጥያለሁ። አንተ እንዳትደግመው ነው የምጽፍልህ።

1. ዛፉን ያተረፈው ጉልበቱ ነው ወይስ ቦታው? ይህ በሽታ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ነው ከሥር ወደ ሥር የሚሄደው። የእኔ ዛፍ አጥር ጥግ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበር። ክረምት ሌሎቹ ውኃ አቁሮባቸው ሲከርም የሱ ሥር አይጨቀይም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

2. ዘሩ እናቱን አይመስልም። የአቮካዶ አበባ ከጎረቤት ዛፍም ዱቄት ይቀበላል፤ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው። እኔ 40 ፍሬ ዘራሁ፣ ሲያድጉ ሳልፈትናቸው ሁሉም ላይ ሃስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ቅርንጫፍ ቆርጬ አዳቀልኩ። ያከሰረኝ ይሄ ነው። በሁለተኛው ክረምት ቅጠላቸው ገርጥቶ አነሰ፣ ጫፋቸው ደረቀ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ቀጫጭኑ ሥር ጠቁሯል፣ በጣቴ ስይዘው ተሰባበረ። የጤነኛው ጫፍ ነጭ ነው።

ሥሩን ከነአፈሩ በፌስታል ቋጥሬ አንድ ቢሮ ወሰድኩ። «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። በሳምንቱ ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ባለሙያው ስብሰባ ነው። ፌስታሉን ስፈታ ናሙናው ሸቷል። ተቀባይዋ አፍንጫዋን ይዛ «ምን ይዘህ ነው የምትመጣው?» አለችኝ፣ ሰው ፊት። 40 ችግኝ የሞተበት ሰው እንዲህ ይባላል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ከማዳቀልህ በፊት ፈትን። ከታመመው ዛፍ ሥር አፈር ወስደህ ችግኞቹን እሱ ላይ አሳድግ፣ ውኃ አብዛባቸው። ያ አፈርና አካፋው ንጹሕ ጓሮ እንዳይደርስ። በሁለተኛው ዙር ከ60 ችግኝ 4 ቀሩልኝ፣ ሥራቸው ነጭ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የ4ቱን ዘር ግን መልሰህ ብትዘራ ያው ይደባለቃል። ደቡብ አፍሪካውያን ዱሳ የሚባለውን፣ ሌላ አቮካዶ የሚዳቀልበትን ሥር ያገኙት በሽታ ከመታው እርሻ ከተረፈ ዛፍ ነው፤ ያባዙት ግን ራሱን ዛፉን ነው። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ብትተክለው በቀላሉ ሥር አያወጣም። ስለዚህ የተመረጠውን በተራ ችግኝ ላይ ታዳቅልና ቡቃያውን ጨለማ ውስጥ ታሳድገዋለህ። ነጣ ብሎ ይረዝማል። ያ የነጣው ግንድ አፈር ሲለብስ ሥር ያወጣል፤ ሃሱ የሚዳቀለው እሱ ላይ ነው። እኔ ዕቃ ቤቱን በጥቁር ፕላስቲክ አጨልሜ 10 ሞከርኩ፣ 3 በቀሉልኝ። በገዛ እጄ! አሁን ከፍ ባለ መደብ ላይ ናቸው፤ የሚቋቋመውም ቢሆን ውኃ ከተኛበት ይጎዳል።

እስኪ ንገረኝ፣ ያንተ ዛፍ የቆመበት ቦታ ከሞቱት ከፍ ይላል ወይስ እኩል ነው?