ሐረና ውስጥ ያልጻፍኩት

በቀደም ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ እየጠጣን አንድ የባዮሎጂ ተማሪ፣ "ጋሼ፣ እንቁራሪት ማጥናት ምን እንጀራ አለው?" አለኝ። አልመለስኩለትም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በወጣትነቴ ከባሌ ጎባ ተነስተን በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ወርደን ነበር። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። የሁላችንም ልብ ቀይ ቀበሮ ላይ ነበር። ሪራ መንደር ስንደርስ የቀመስነው ማር እስካሁን አፌ ላይ አለ። ከዚያ በፊት ግን፣ የአስታው ዛፍ ጭጋግ ለብሶ፣ አንዲት ጅረት ዳር ቆምን። አንድ እረኛ ልጅ ሣሩን ገለጥ አድርጎ ትንሽ እንቁራሪት አሳየኝ። ከአውራ ጣቴ ጫፍ ብዙም አትበልጥም። ሾፌራችን ከኦሮምኛ እያስተረጎመልኝ ልጁ ብዙ አወራ። አባቱ ልጅ ሳለ ዳሩ ሁሉ በእሷ የተሞላ እንደነበር፣ ከብቱ የሚረግጠውን ጅረት ትታ እንደምትሄድ ነገረኝ። አሁንም የምትገኝባቸውን ሦስት ጅረቶች በስማቸው ጠራልኝ።

ደብተሬ እጄ ላይ ነበር። አልጻፍኩም። ያልተማረ ሕፃን ነው ብዬ ናቅኩት።

የባሌ ተራሮች እንቁራሪት የምትባለው እሷ ናት። በሳይንስ ስም የተሰጣት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ስሟም የተወሰደው ከአስታ ዛፍ የሳይንስ መጠሪያ ነው። በወገኗ ብቸኛ ናት፤ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለችም። ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግባለች። ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ስሄድ አስታው ተቆርጧል፤ የጅረቷ ዳር በከብት ኮቴ ጭቃ ሆኗል። ሁለት ቀን ፈለግኩ። ምንም የለም። የሦስቱ ጅረቶች ስም ጠፋኝ። ልጁንም አላገኘሁትም።

እናንተ ተማሪዎች፣ በርትታችሁ አጥኑ አልላችሁም፤ ሰልችቷችኋል። ስልካችሁ ግን ያናድደኛል። ያያችሁትን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ትረሱታላችሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን የእናንተ ስልክ ቢኖረኝ የልጁ ድምፅ ዛሬ ከእኔ ጋር ነበር። እንግዲህ ቅዱ። እረኛውንም፣ ዓሣ አጥማጁንም፣ ጥቁር ውኃ ዳር ሣር የሚያጭዱትን እናቶችም ጠይቁና ቅዱ።

ያ ደብተር አሁንም አለኝ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ "ጭጋግ፣ ቀዝቃዛ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት" ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው።