ጥያቄና መልስ፦ ስሙ ቢቋረጥም አባትየው አልጠፋም

ኒውዮርክ በደቾች (በሆላንድ ሰዎች) እጅ ስለነበረችበት ዘመን ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በርትቷል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የትዳር ጓደኛቸው ቤተሰብ የደች ስም ያለው ወገኖቻችን ናቸው፤ ልጆቻቸው በዚያኛው በኩል የማን ዘር እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጉዳዩ ደስ ይለኛል፤ የአያት ቅድመ አያቱን ስም እየቆጠረ ላደገ ሰው የቀረበ ሥራ ነውና። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የባለቤቴ የቤተሰብ ስም በ‹ቫን› ይጀምራል። ልጃችን የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣችና አብረን ፍለጋ ገባን። ወደ 1690 አካባቢ ስንደርስ ስሙ ድርግም አለ። መዝገቡ ተቃጥሎ ይሆን?» (ከሜሪላንድ)

አይመስለኝም እህቴ። በዚያ ዘመን የቆመው መዝገቡ ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ደቾች አብዛኞቹ የሚጠሩት ልክ እንደ እኛ በአባት ስም ነበር። የፒተር ልጅ ያን፣ «ያን ፒተርሰን» ይባላል። የያን ልጅ ሄንድሪክ «ሄንድሪክ ያንሰን» ነው፤ የእሱ ልጅ ደግሞ «ፒተር ሄንድሪክሰን»። መጨረሻው ላይ ያለው «ሰን» ልጅ ማለት ሲሆን ጸሐፊው እንደመሰለው «ስዝ» ወይም «ሴ» እያለ ያሳጥረዋል። ሴት ከሆነች «ያንስ» ብሎ ይተዋታል። የእኛ ሰው ውጭ አገር ሄዶ «ላስት ኔም» ሲባል የሚገጥመውን ግራ መጋባት ያስታውሱ፤ የእርስዎ ባል ቅድመ አያቶችም እዚያው ጣጣ ውስጥ ገብተዋል።

ለውጡ የመጣው እንግሊዞች በ1664 ኒው ኔዘርላንድን፣ ማለትም የደቾቹን ቅኝ ግዛት፣ ከያዙ በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሕግና የእንግሊዝ ጸሐፊ የለመዱት ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ነበር። ቤተሰቦቹም ቀስ በቀስ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ፣ አንድ ስም ይዘው ቀሩ። አንዳንዱ የአባቱን ስም እንዳለ አጸናው፤ አንዳንዱ በሙያው ተጠራ፤ ብዙው ደግሞ የመጣበትን መንደር ያዘ። «ቫን» «ከ» ማለት ነው። ቫንደርቢልት ማለት በዩትሬክት አጠገብ ካለችው ደ ቢልት የመጣ ሰው ነው።

ስምንተኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረንን እንይ። የመጀመሪያው መጤ አያቱ በ1631 ሲደርስ ስሙ ኮርኔሊስ ማሰን ነበር። የእሱ ልጅ ማርተን ኮርኔሊሰን፣ የማርተን ልጅ ደግሞ ፒተር ማርተንሰ ተባለ። ቢውረን የመጡበት አካባቢ ነው። «ቫን ቢውረን» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ኮርኔሊስን አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።

ስለዚህ የቤተሰቡን ስም ለጊዜው ይተዉት። በእርግጠኝነት የሚያውቁትን የመጨረሻውን ሰው የክርስትና መዝገብ ያውጡ፤ የአባቱን የራሱን ስምና የእናቱን ሙሉ ስም ይያዙ። ከዚያ ያንኑ ባልና ሚስት ሌሎች ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሡ ይፈልጓቸው። በአንደኛው ልጅ ጊዜ «ቫን እገሌ» የተባለው አባት፣ በሌላኛው ጊዜ «ያንሰን» ብቻ ተብሎ ቢገኝ ወደ አያትየው መውጫው ደረጃ ያ «ያንሰን» ነው።

«ሁለት ወንድማማቾች የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው አገኘኋቸው። የእናት ልጆች ብቻ ይሆኑ?» (ከዳላስ)

ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን እሱን አስቀድመው አይገምቱ። ስም በጸናበት ዘመን አንዱ ወንድም የአባቱን ስም፣ ሌላው የመንደሩን ስም ይዞ መቅረቱ የተለመደ ነበር። የሁለቱንም የክርስትና መዝገብ ያመሳክሩ፤ የአባታቸውም የእናታቸውም ስም አንድ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

«ጋሼ፣ አንዲት ሴት በአንድ መዝገብ ትራይንትዬ፣ በሌላው ካታሪና ትባላለች። አንድ ሰው ናት ሁለት?» (በኒውጀርሲ የታሪክ ተማሪ ነኝ)

አንድ ልትሆን ትችላለች፤ ትራይንትዬ የካታሪና ማቆላመጫ ነው። ፍሬትዬ ያልናት ልጅ በመታወቂያዋ ፍሬሕይወት እንደምትሆነው መሆኑ ነው። ግሪትዬ ማርጋሬት፣ ኔልትዬ ኮርኔሊያ፣ ቶኒስ አንቶኒ ነው። ክላስ ደግሞ ኒኮላስ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የሩዝቬልቶች ቤት ላይ ይሰናከላል። የሁለቱም ሩዝቬልት ፕሬዚዳንቶች አያት የሆነው ኒኮላስ በ1658 በኒው አምስተርዳም (በዛሬዋ ኒውዮርክ ከተማ) ክርስትና ሲነሣ አባቱ ክላስ ማርተንስዘን ነበር። አባትና ልጅ አንድ ስም ነው ያላቸው።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። አንደኛ፣ የደች ሴት አግብታም የአባቷን ስም አትጥልም፤ መዝገቡ ላይ በራሷ ስም ትቀመጣለች። የእንግሊዝ መዝገብ የሚያደክምህ ሴቷን በባሏ ስም ስለሚውጣት ነው፤ እዚህ ያ ችግር የለብህም። በጣም ቀደምት በሆኑት ገጾች ግን ብዙ ጊዜ አባትየው ብቻ ተጽፎ እናትየው ትዘለላለች። ሁለተኛ፣ ልጆች በአያቶቻቸው ስም ይሰየሙ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንዶች በሁለቱ ወንድ አያቶች፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች በሁለቱ ሴት አያቶች። ልጁ ከሞተ ቀጥሎ የሚወለደው ያንኑ ስም ይወስዳል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለመምህርህ ስታቀርብ ለይተህ ጻፈው።

«እኔ የምኖረው ሮተርዳም ነው። አሜሪካ ላለች የባለቤቴ አክስት ከዚህ ወገን ያለውን መዝገብ እንድፈልግላት ተጠየቅሁ። ከየት ልጀምር?»

ከዚያኛው ወገን የጋብቻ መዝገብ። የኒውዮርኩ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከ1639 ጀምሮ ያለው ተርፏል፤ የኪንግስተኑ ከ1660፣ የአልባኒው ከ1683 ይጀምራል። ሙሽራው የመጀመሪያ ጋብቻው ከሆነ ከስሙ አጠገብ «ዮ. ም.» የሚል ምህጻር ያገኛሉ፤ ያላገባ ወጣት ማለት ነው። ለሙሽሪት «ዮ. ዶ.» ይላል። ቀጥሎ «ቫን» ብሎ የትውልድ ከተማውን ይጽፋል፤ ይህ «ቫን» የቤተሰብ ስም አይደለም። እርስዎ የሚፈልጉት ይህችን አንዲት ቃል ነው። ከተማው ካልታወቀ ሆላንድ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ከተማው አምስተርዳም ከሆነ እድለኛ ነዎት፤ የከተማዋ ቤተ መዛግብት እስከ 1811 ያለውን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ በስም ማውጫ በነጻ እንዲፈልጉበት ክፍት አድርጓል። ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ቀን ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን እንዲታወጅ የተመዘገበበት እንጂ የሠርጉ ቀን አይደለም።

«አንድ ሰው በጥር 1690 ሞቶ በየካቲት 1690 ኑዛዜ ሲፈርም አየሁ። ስህተት ነው?» (ከቶሮንቶ)

ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዞ የሚኖር አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እንግሊዞች እስከ 1752 የሚጠቀሙት በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ሲሆን አዲስ ዓመታቸው መጋቢት 25 ቀን ይገባ ነበር። ስለዚህ በእነሱ ጥርና የካቲት ያለፈው ዓመት መጨረሻ ናቸው። ሁለቱ ሰነዶች በተለያየ አቆጣጠር ተጽፈው ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር ከሆኑ ግን ቅደም ተከተላቸው አይለወጥምና ገልባጩ ተሳስቷል ማለት ነው። ወደ ዋናው ገጽ ይመለሱ።

«ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ቤተሰቡ ከሃድሰን ሸለቆ የመጡ፣ ስማቸውም የደች ነው። የእነሱ ሰዎች በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ይገኛሉ? ወይስ ይህ የነጮች ብቻ ነው?» (ከብሩክሊን)

ይገኛሉ እመቤቴ፤ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ። በ1641 በኒው አምስተርዳም ቤተ ክርስቲያን አንቶኒ ቫን አንጎላ ሉሲ ዳንጎላን አገባ። ሁለቱም ከዚያ በፊት አግብተው የሞተባቸው ነበሩ፤ የሟቾቹም ስም አብሮ ተጽፏል።

ከእነዚህ መዝገቦች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ዶሮቴ አንጎላ ናት። በ1643 አንቶኒ የሚባል ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የክርስትና እናት ሆና ቆመች። የሕፃኑ እናት ወዲያው ሞተች፤ ዶሮቴ ልጁን ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገችው። ያን ጊዜ ነጻነት አስተማማኝ አልነበረም። በ1644 ቅኝ ግዛቱን የሚያስተዳድረው የደች ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ 11 ባሪያዎቹን ከነሚስቶቻቸው ነጻ ሲያወጣ በየዓመቱ እህልና አንድ የሰባ አሳማ እንዲገብሩ፣ ልጆቻቸውም ባሪያ ሆነው እንዲቀሩ ነበር ያዘዘው። ስለዚህ በ1661 ዶሮቴና ባሏ ኢማኑኤል ፒተርሰን አንቶኒ ነጻ መሆኑ በጽሑፍ እንዲታወቅላቸው ለመንግሥት አመለከቱ። ማመልከቻው የሚጀምረው ከዚያ የክርስትና ቀን ነው። ጥያቄያቸው ተፈቀደላቸው።

ለዚህ ነው የምስክሮችን ዓምድ አትዝለሉ እያልኩ የምወተውተው። ገጹ ላይ ቀን፣ ወላጆች፣ ልጅና ምስክሮች ተብሎ የተከፈለ ነው፤ ፈላጊው ሁሉ ሦስቱን አይቶ አራተኛውን ያልፋል። የክርስትና አባትና እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጎት፣ አክስት ወይም አያት ናቸው፤ ዘመድ ያጣ ሰው ደግሞ ዘመድ ያደረገው እነሱን ነው።

እውነቱን ግን ልንገርዎ፤ ከ1655 ገደማ በኋላ የአፍሪካውያን ልጆች ክርስትና በዚያ መዝገብ እየሳሳ ይሄዳል። ዶሚኔ ሴላይንስ የተባሉት ቄስ በ1664 ወደ አምስተርዳም ሲጽፉ፣ ወላጆቹ የሚፈልጉት የልጆቻቸውን ነጻነት ነው በማለት ማጥመቁን እንደተዉ ገልጸዋል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። የደች ስምም ብዙ ጊዜ የባሪያ አሳዳሪው ቤተሰብ ስም እንጂ የሥጋ ዝምድና ምልክት አይደለም። ቋንቋው ግን የእነሱም ነበር፤ በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ኡልስተር የተወለደችው የባርነት ተቃዋሚዋ ሶጆርነር ትሩዝ አፏን የፈታችው በደች ነው።

ለባለቤትዎ ቤተሰብ ከኋላ ወደ ፊት ሳይሆን ከ1827 ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ኒውዮርክ ባርነትን የዘጋችበት ዓመት ነው። የ1799ኙ ሕግ ከባሪያ እናት የሚወለድ ሕፃን በከተማው ጸሐፊ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዝ ነበር። የእናትየውን አሳዳሪ ስም ከዚያ ካገኙ፣ የእሱ ቤተሰብ የሚሄድበትን የደች ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይክፈቱ። የገጹን ፎቶ ከላኩልኝ አብሬዎት አነባለሁ።