ጥያቄና መልስ፦ ልጄ ያለ ጊዜዋ የተወለደችው ፍልሰታን ስላልጾምኩ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ለኅዳር ጽዮን ማግስት ለወትሮው የእርግዝና ክትትል ሆስፒታል ሄድኩ። ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል ብለው እዚያው አስተኙኝ። የልብስ ቅያሪ እንኳ አልያዝኩም ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ በኦፕሬሽን ወለድኩ። ልጄ ሴት ናት፣ የተወለደችው በ31 ሳምንቷ ነው፣ አሁን ማሞቂያ ውስጥ ናት። ባለፈው ፍልሰታ ትውከት ስለጸናብኝ አልጾምኩም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች «እመቤታችንን አስከፍተሽ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው? የምትጠመቅበት 80 ቀኗስ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው ወይስ መወለድ ከነበረባት ቀን? ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብትሆንስ? እኔስ አራስ ሆኜ ውዳሴ ማርያም መድገም ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሊጠይቁሽ የመጡት ሁሉ ይህንኑ ብለውሽ፣ ገንፎውን አብልተውሽ ቢሄዱ ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይህን ጥያቄ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ልጇ ያለ ጊዜው የተወለደባት እናት ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ኋላ ተመልሳ ጥፋቷን ስትፈልግ አገኛታለሁ። አንዷ ስለት አልከፈልኩም ትላለች። አንዷ ከአማቴ ጋር ተጣልቼ ነበር ትላለች። አንዷ ደግሞ ልክ እንዳንቺ ጾም ትቆጥራለች። ሁሉም በልባቸው አንድ ነገር ደምድመዋል፦ እግዚአብሔር ከእኔ ጋር የነበረውን ሒሳብ በልጄ ላይ አወራረደ።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱም በዚሁ ተሳስተው ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠየቁት። መልሱ ግልጽ ነው፦ «እርሱ ኃጢአት አልሠራም ወላጆቹም አልሠሩም» (ዮሐ. 9፥3)። ጌታ እንዲህ ብሎ የዘጋውን ክስ እኛ ዛሬ አራስ ቤት ገብተን እንደገና የምንከፍተው በማን ሥልጣን ነው? ቅድስት ኤልሳቤጥንም አስቢያት። ሉቃስ እርሷንም ዘካርያስንም ጻድቃን፣ ያለ ነቀፋ የሚኖሩ ይላቸዋል፤ ሰው ግን መውለድ ባለመቻሏ እንደ ነውረኛ ይቆጥራት ነበር። የሰው ፍርድና የእግዚአብሔር ፍርድ እንዲህ ይራራቃል።

ስለ ጾሙ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። ነፍሰ ጡር ሆና፣ የበላችው አልረጋ ብሏት እየተሰቃየች ያለች ሴት የምትችለውን ስለበላች ጾም ሻረች አትባልም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ላረገዘች የምታዝን እናት ናት። ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው መልካም ነበር፤ አሁንም ንገሪያቸው። ግን «ልጄን የጎዳሁ እኔ ነኝ» ብለሽ እንዳትናዘዢ። ያልሠራሽውን ኃጢአት መናዘዝ ትሕትና አይደለም፣ በራስ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ሐኪሞች እንደሚሉት የእርግዝና ደም ግፊት ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ደግሞ ይበዛል። ሲጠና እናቲቱንም ልጁንም ስለሚያሰጋ፣ ፍቱን መፍትሔው ማዋለድ ነው። ስለዚህ ያ ድንገት የተኛሽበት አልጋ የቅጣት ቦታ አልነበረም፤ ሁለታችሁም የተረፋችሁበት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ያለ ጊዜያቸው ተወልደዋል። የእነዚህ ሁሉ እናቶች ፍልሰታን ስላልጾሙ ነው እንበል? እመቤታችንስ የስደትን መከራ የምታውቅ፣ ሕፃን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደች እናት ናት። አንዲት ሴት ትውከት ስለጸናባት ተቀይማ ልጇን ትቀጣለች ብሎ ማሰብ እርሷን አለማወቅ ነው። ቃል ኪዳኗ ለምሕረት ነው የተሰጣት።

ሊጠይቁሽ ለሚመጡትም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ብታስነብቢያቸው ደስ ይለኛል። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት ተቀመጡ። ይህ መልካም ሥራቸው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው «ምን ብታደርግ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ተቆጣቸው (ኢዮ. 42፥7)። እና እባካችሁ፣ አጥሚቱን ይዛችሁ ግቡ፣ ልብሷን እጠቡላት፣ ምርመራውን ግን ለሐኪሙ ተዉት። «የሰባት ወር ይተርፋል፣ የስምንት ወር አይተርፍም» የሚባለውንም ወሬ ከአራስ አጠገብ አታውሩ፤ ሐኪሞች እንደሚሉት ሕፃኑ በማኅፀን በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ቀኑ። 80 ቀኗ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው። ሐኪም «በዚህ ቀን ትወለዳለች» ያለው ግምት ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ግን እናት ተገላግላ ሕፃኗ ወደዚህ ዓለም ከመጣችበት ቀን ነው። አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት መግባታቸውን በመጽሐፈ ኩፋሌ ታውቂዋለሽ፣ አልደግመውም። ቀኗ ሲደርስ ገና ከሆስፒታል ካልወጣች ወይም ሐኪሙ ብርዱን አትችለውም ካለ፣ ከካህኑ ጋር ተነጋግራችሁ እስክትጠነክር ብትቆዩ በደል አይሆንባችሁም።

«አንድ ነገር ብትሆንስ» ላልሽው ግን በጥብቅ የምነግርሽ አለኝ። 80 ቀን ሳይሞላት ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ካህን ቀኑን አይጠብቅም። ትጠመቃለች! ብዙ ወላጆች «ቀኗ ገና ነው» እያሉ ካህን ሳይጠሩ ይቀራሉ፣ ይህ ያሳዝነኛል። የቀኑ ሥርዓት ለጤነኛ ሕፃን የተሠራ እንጂ ለሞት የቀረበችን ሕፃን ከጸጋ የሚከለክል አይደለም። ስለዚህ ባለቤትሽ ዛሬውኑ የንስሐ አባታችሁን ስልክ ይያዝ። የክፍሉን ነርስም አስቀድሞ ያነጋግር፤ እጅ መታጠቡ፣ ጋዋን መልበሱ፣ የሚገባው ሰው ቁጥር የራሱ ደንብ ስላለው በጭንቅ ሰዓት በር ላይ ክርክር እንዳይሆን። እንዲህ ላለች ሕፃን በጥቂት ውኃ እንዴት እንደሚደረግ ካህኑ ያውቃል። አንዴ በሥላሴ ስም ከተጠመቀች ደግማ አትጠመቅም፤ የቀረ ነገር ካለ ስትድን ቤተ ክርስቲያን መጥታ ይፈጸምላታል።

እዚህ ላይ ስለ ጠበልም። ዘመድ ከፍቅር ብዛት «ጠብ እናድርግላት» ይላል። አይሆንም። ይህቺ ልጅ መዋጥና መተንፈስን ገና እያቀናጀች ነው፤ አንዲት ጠብታ ወደ ሳንባዋ ብትገባ ትጎዳለች። በአፏ የሚገባው የምትታለቢው ወተትሽና ሐኪሙ የፈቀደው ብቻ ይሁን። ጠበሉን አንቺ ጠጪላት። እግዚአብሔር በጠበልም በሐኪም እጅም ያድናል፤ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አክብረው ይላል። ነርሶቹ ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ቆዳሽን ከቆዳዋ አገናኝተሽ እቀፊያት ሲሉሽም «አራስ ነኝ፣ አልነጻሁም» ብለሽ እንዳታመነቺ። ሙቀትሽ መድኃኒቷ ነው።

ውዳሴ ማርያሙን ድገሚ። ቤተ መቅደስ ለመግባት ቀንሽን ትጠብቂያለሽ እንጂ ከጸሎት የሚያግድሽ የለም፤ መጽሐፉንም መያዝ ትችያለሽ። ቁስሉ አላስቀምጥ ካለሽ ተኝተሽም ቢሆን። ማሞቂያው አጠገብ ስትሆኚ ደግሞ መዝሙር 139ን በለሆሳስ አንብቢላት፦ «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ»። ልጅሽን እግዚአብሔር ሐኪሙ በማሽን ከማየቱ በፊት አይቷታል።

ክርስትና እናቷን ከአሁኑ አስቡባት፤ አደጋ ቢመጣ ፈጥና የምትደርስ ብትሆን ይመረጣል። የልጅሽ የክርስትና ስም እስኪወጣ ድረስ ደግሞ የአንቺን ላኪልኝ፤ በእናቷ ስም አስባታለሁ።